የምደብቀው የለኝም ያለችው ሚዳቋ

ኑ፣ ተጠጉ። ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ተረት ልንገራችሁ። ናሆም፣ አንተ ስልክህን ኪስህ ክተት። ቅድም ምን ስትነካካ እንደነበር አይቻለሁ። "ያለህበትን ቦታ ልወቅ? የምትደውልላቸውን ሁሉ ልይ?" ብሎ ሲጠይቅህ፣ ሳታነበው "እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ እስማማለሁ" እያልክ ትጫናለህ። ተው ብልህ ደግሞ "መንግሥትም ሕግ አውጥቶ ቢያየው ግድ የለኝም፤ እኔ ምን የምደብቀው አለኝ እትዬ?" አልከኝ። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለይ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ የሰው ፖስታ ወደ ብርሃን አንሥቼ ሳላይ ጡረታ በወጣሁ ሴት ፊት እንዲህ ይባላል? ደሜ ነው የፈላው። ስለዚህ ተረቱ ላንተ ነው፤ ሌሎቻችሁም አብራችሁ ስሙ።

"ተረት!" ስላችሁ "የማን?" በሉኝ።

ተረት!

የቅልና የወንዝ፣ የጃርትና የሚዳቋ!

ድሮ ድሮ፣ ቅል አፍ በነበረው ጊዜ፣ ወንዝም ሲጠሩት "አቤት" በሚልበት ዘመን፣ በአንድ ሸለቆ አራዊት ሁሉ አብረው ይኖሩ ነበር። ንጉሣቸው አንበሳ ነበር።

በዚያ ሸለቆ አንድ ልማድ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ሣር ውስጥ ይደብቃሉ። ዛሬ የደበቁበት ቦታ ነገ አይደብቁም። እናት ደግሞ ልጇን ደብቃ ለግጦሽ ስትሄድ ትመለስ አትመለስ አታውቅም። ስለዚህ በየማለዳው ከወንዙ በታች ላለች አደራ ተቀባይዋ ቃል ትልካለች። ቃሏን ቅል ውስጥ ትናገራለች። ክዳኑን ትገጥማለች። ዙሪያውን በሰም ትደፍናለች፤ ሰሙንም በኮቴዋ ትረግጠዋለች። ከዚያ ቅሉን ለወንዙ ትሰጠዋለች፤ ወንዙ ያደርሳል። አደራ ተቀባይዋ የኮቴውን ምልክት አይታ፣ ሰሙን ሰብራ፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች። ቅሉም የተባለውን ብቻ ይላል፤ አንድ ቃል አይጨምር፣ አንድ ቃል አይቀንስ።

እናት በሰላም ከገባች ተመስገን ነው። ካልገባች አደራ ተቀባይዋ ሄዳ ልጁን ታነሣለች። በዚህ ልማድ ስንት የሙት ልጅ አደገ መሰላችሁ!

ቅሎቹን የሚሠራው አባ ጃርት ነበር። ቅሉን ይፍቃል፣ ያደርቃል፣ ክዳን ይለካለታል። ሥራው ጥሩ ነው፤ ጠባዩ ግን አይጣል! ቶሎ ይናደዳል፤ ሲናደድ እሾሁ ሁሉ ቀጥ ይላል። እኔ አልፈርድበትም። እናንተም ትንሽ ቆይታችሁ አትፈርዱበትም።

አንድ ቀን የቆቅ ጫጩቶች ጠፉ። ላባ ብቻ ተገኘ፤ ከላባው አጠገብ ደግሞ የጅብ ዱካ። ሸለቆው ተንጫጫ። ንጉሥ አንበሳ አማካሪውን ቁራን ጠራው።

"ምን ይሻላል?" አለው።

"ጃንሆይ፣ ጅቦች በቅል እየተላላኩ ነው የሚዶልቱት" አለ ቁራ። "የጅብ ቅል ጎኑ ይበሳ። እርስዎ ጆሮዎን ቀዳዳው ላይ ያደርጉና ሁሉን ይሰማሉ።"

ንጉሡ ደስ አለው። ቁራም ትልቁ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ለፈፈ፤ "ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ የጅብ ቅል ጎኑ ይበሳል!"

"እሰይ!" አሉ አራዊቱ። እመት ሚዳቋም "እሰይ!" አለች።

የአባ ጃርት እሾህ ቆመ። "ለመሆኑ ጅብ በቅል ሲልክ ያየ አለ? ይህን ሁሉ ዘመን ቅል ስሠራ አንድ ጅብ መጥቶ አልገዛኝም! ጅብ ነገር ካለው ይጮኻል! ሸለቆው ሁሉ እስኪሰማ ይጮኻል! ምን ቅል ያስፈልገዋል?"

"አንተ ደግሞ መነጫነጭ ነው ሥራህ" አሉት።

የጅብ ቅል ተፈለገ። በየጉድጓዱ ተፈለገ፣ በየዋሻው ተፈለገ። አልተገኘም። ሳምንት ሳይሞላ የከርከሮ ልጅ ጠፋ። አሁንም የጅብ ዱካ ተገኘ።

ንጉሡ ቁራን ጠራው። "ቅል አልተገኘባቸውም እኮ" አለው።

"ጃንሆይ፣ ካልተገኘባቸው ደብቀውታል ማለት ነው" አለ ቁራ። "ከደበቁት ደግሞ የሚደብቁት በሌሎች ቅል ውስጥ ነው።"

እዩልኝ እንግዲህ! አለመገኘቱ ራሱ ማስረጃ ሆኖ አረፈው። እንዲህ ያለውን ምን ብለህ ትከራከረዋለህ?

ቁራ እንደገና ድንጋዩ ላይ ወጣ። "ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ ከቤተ መንግሥት ቅል በቀር የሁሉም ቅል ጎኑ ይበሳል! በቀዳዳው የሚሰማው የንጉሡ ጆሮ ብቻ ነው! የሚደብቀው የሌለው ምንም አይፍራ!"

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት ጉድ የሠራቻቸው። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። የሚደብቀው ያለው መስሎ መታየት የሚፈልግ ማን አለ? "እኔ የምደብቀው የለኝም" አለ ከርከሮ። "እኔም የለኝም" አለች ቆቅ። እመት ሚዳቋ ደግሞ ከሁሉም ፊት ወጥታ ቆመች።

"እኔ ምን የምደብቀው አለኝ?" አለች። "ሣሬን እበላለሁ፣ ውኃዬን እጠጣለሁ። ንጉሡ ቢሰማኝ ምን እንዳልሆን?"

አባ ጃርት ዘሎ መሀል ገባ። "ልጅሽን!" አለ። "ልጅሽን ነዋ የምትደብቂው! በየማለዳው! አሁን አንቺ እዚህ ቆመሽ ስታወሪ ልጅሽ የት ናት?"

"ኧረ ቀስ!" አለች ሚዳቋ ደንግጣ፤ ግራ ቀኝ አየች። "እንዲህ በአደባባይ ይጠየቃል እንዴ?"

"ታዲያ!"

"እሱማ ሌላ ነው አባ ጃርት። እሱ የቤት ነገር ነው።"

"ታዲያ ቅሉ ውስጥ ምን ያለ መስሎሻል? ያው የቤትሽ ነገር እኮ ነው!"

አልገባትም። ልጄ፣ አንዳንድ ነገር ቤትህ እስኪገባ ድረስ አይገባህም። አባ ጃርት ተስፋ ቆርጦ ወደ ንጉሡ ዞረ።

"ጃንሆይ፣ እኔ ቅል ሠሪ ነኝ፤ ቀዳዳ አውቃለሁ። ቀዳዳ የንጉሥ ጆሮና የጅብ ጆሮ አይለይም።"

"እኔ ካዘዝኩት ይለያል" አለ ንጉሡ። "በል በእሾህህ ብሳቸው።"

"አልበሳም።"

"እንግዲያስ ከዛሬ ጀምሮ ቅል እንዳትሠራ!"

አባ ጃርት ጥቂት ቅሎቹንና ሰሙን ተሸክሞ፣ ከወንዙ መታጠፊያ ወረድ ብሎ ጉድጓድ ቆፈረና ብቻውን ተቀመጠ። ቅሎቹን ሁሉ ቁራ ራሱ በመንቁሩ በሳቸው። ኳ! ኳ! ኳ! በማግስቱ ሚዳቋ ክዳኑን ስትደፍን ሰሙ ሳቀባት።

"ከላይ ክዳኑን እየደፈንኩ ጎኑ ክፍት ከሆነ፣ እኔን እዚህ ምን ጎለተኝ?" አላት።

እሷ ግን ረግጣው ሄደች።

አሁን ሦስተኛው አዋጅ መጣ። ንጉሥ አንበሳ በመጀመሪያው ቀን አርባ ቅል አዳመጠ። ሠላሳ ዘጠኙ "ልጄ እዚህ ነው፣ ልጄ እዚያ ነው" የሚሉ ነበሩ። አንዱ ከርከሮ ስለ ጭቃው መድረቅ ያማረረበት ነበር። አንበሳ እንደምታውቁት ቀኑን ሙሉ መተኛት የሚወድ ፍጥረት ነው። አርባ አንደኛው ላይ አንቀላፋ።

ቁራ ለሦስተኛ ጊዜ ድንጋዩ ላይ ወጣ። "ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ ቅል ሁሉ ወንዝ ከመግባቱ በፊት በንጉሡ ዋሻ ይቀመጣል! ሲሰማ ብቻ ይለቀቃል!"

ቅሉ ዋሻው ውስጥ ተከመረ። ለተከመረው ቅል ደግሞ ዘበኛ አስፈለገ። ማን መጣ በሉ?

አያ ጅቦ! ጥርሱን ፍቆ፣ ጅራቱን ቆልፎ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

"ጃንሆይ" አለ፣ "ጅብ ለመያዝ ጅብን የሚያውቅ ያስፈልጋል። ጅብን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?"

ንጉሡ ቁራን አየው። ቁራም ጥቂት አሰበና "እውነቱን ነው" አለ።

ተቀጠረ! አትሳቁ። ናሆም፣ አትሳቅ አልኩህ! አንተ ስልክህ ውስጥ ስንት ዘበኛ እንደቀጠርክ አንብበሃል?

እመት ሚዳቋ ጤዛ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ገና እግሯ ያልጠና፣ ዓይኗ ፊቷን የሞላው። ጅቦ በተቀጠረ ማግስት ሚዳቋ ቅሏን ብታነሣ ቅሉ ተናገራት።

"እመት ሚዳቋ፣ ጎኔ ያፈሳል" አለ።

"የሚሰማው ንጉሡ ብቻ ነው" አለችው። ቃሏን ነግራው ሄደች። በዚያ ቀን የጥንቸል ልጅ ጠፋ።

በሁለተኛው ቀን ቅሉ እንዲህ አለ፤ "እመት ሚዳቋ፣ ትናንት ያዳመጠኝ ጆሮ የንጉሥ አይመስለኝም። ትንፋሹ አጥንት አጥንት ይላል።"

"ንጉሡም አጥንት ይበላል" አለችው። ቃሏን ነግራው ሄደች። በዚያ ቀን የሌላዋ ጥንቸል ልጅ ጠፋ። ቁራ ወጥቶ "ልጆች የሚጠፉት ቀዳዳው ስለጠበበ ነው" ብሎ ለፈፈና ቀዳዳዎቹን ሁሉ አሰፋቸው።

በሦስተኛው ቀን ቅሉ ለመናት። "እመት ሚዳቋ፣ በልጅሽ ይሁንብሽ፣ ዛሬ ምንም አትንገሪኝ። የነገርሽኝን ላለመናገር አልችልም።"

"ዝም በል፣ ረፈደብኝ" አለች። ወደ ቅሉ ጎንበስ ብላ "ጤዛ ዛሬ ከወንዙ መታጠፊያ በላይ፣ ከኩይሳው ጀርባ፣ ቀጋው ሥር ናት" አለችው። ክዳኑን ደፈነች፣ ሰሙን ረገጠች፣ ዋሻው ደጅ አስቀምጣው ወደ ግጦሿ ሄደች።

ንጉሡ ተኝቷል። ቁራ የሆነ ቦታ እየለፈፈ ነው። አያ ጅቦ ቅሉን አነሣና ጆሮውን ቀዳዳው ላይ አደረገ። ምስኪኑ ቅል አፉን ለመግጠም ታገለ። ቀዳዳ ግን ከንፈር የለው፣ በምን ይገጠም? የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ። ኩይሳው፣ ቀጋው፣ ጤዛ።

ጅቦ ምራቁን ውጦ ሮጠ። ሲሮጥ ቅሉን በእግሩ ገፋው። ቅሉ ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ ወንዙ ውስጥ ገባ። በቀዳዳው ውኃ ይገባበት ጀመር።

"አንተ ቅል፣ ምን ሆነህ ነው የምትሰምጠው?" አለው ወንዙ።

"ጤዛ! ቀጋው ሥር! ጅቦ ሰምቷል!" አለ ቅሉ፤ ወዲያው ሰመጠ።

ወንዙ እንዲህ ሮጦ አያውቅም። ድንጋዩን እየዘለለ፣ መታጠፊያውን እየገጨ አባ ጃርት ጉድጓድ ደጅ ደረሰ።

"አባ ጃርት! አባ ጃርት!"

"አሁን ደግሞ ምንድን ነው?"

"ጤዛ ቀጋው ሥር ናት! ጅቦ ሰምቷል!"

አባ ጃርት አልጠየቀም። በዚያች አጭር እግሩ ዳገቱን ሮጠ። "አላልኩም? አላልኩም? አላልኩም?" እያለ፣ እየተሳደበ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሮጠ። ሲደርስ ጅቦ የጤዛን ጆሮ በጥርሱ ይዞ ከቀጋው ሥር ሊጎትታት ነው። ጃርት ዞረ። እሾሁን ሁሉ አቆመ። ወደ ኋላው ተንደርድሮ አፍንጫው ላይ ተሰካበት!

"ዋይ! ዋይ! ዋይ!" አለ ጅቦ። ጤዛን ለቆ ፈረጠጠ። የጆሮዋ ጫፍ ግን አፉ ውስጥ ቀረ።

እመት ሚዳቋ ጩኸቱን ሰምታ እየበረረች መጣች። ልጇን አየች፤ ደሙን አየች፤ ጃርቱን አየች። አባ ጃርት መንገዱን ሁሉ የሚላትን ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው። ፊቷን ሲያይ ግን ዋጠው።

ሚዳቋ ልጇን አስከትላ ቀጥታ ወደ ንጉሡ ሄደች። አራዊቱ ሁሉ ተሰበሰቡ። እሷ እያለቀሰች ተናገረች። ንጉሡ እያዛጋ ሰማ። ቁራ ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጃንሆይ፣ ይህ የሚያሳየው አንድ ቀዳዳ እንደማይበቃ ነው" አለ። "ሁለት ያስፈልጋል።"

ወይ ጉድ! ሁለት! እኔ ይህን በተናገርኩ ቁጥር ግንባሬን ያመኛል።

በዚህ መሀል የንጉሡ ሚስት እቴጌ አንበሲት ከጓዳ ወጣች። ለእህቷ የምትልከውን ቅል ይዛለች። ቅሉ ምንም አልተበሳም። ክዳኑ በወፍራም ሰም ተደፍኗል፤ ሰሙ ላይ የእግሯ ማኅተም አለ። ሚዳቋ ያን ቅል ስታይ እንባዋ ደረቀ። ወደፊት ራመድ ብላ እጅ ነሣች።

"እቴጌ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ የእርስዎ ቅል ለምን አልተበሳም?" አለቻት።

አንበሲት ተቆጣች። "ምን ማለትሽ ነው? ሦስት ደቦል አለኝ! ልጆቼን የት እንደደበቅኋቸው አገር ሁሉ ይስማ?"

ከርከሮ መሬት መሬት አየ። ቆቅ አንገቷን ክንፏ ውስጥ ቀበረች። ቁራ እንኳ ላባውን ይለቅም ጀመር።

አንበሲትም የተናገረችው ቃል ለራሷ ጆሮ ደረሰ። ሚዳቋን አየች። የጤዛን ጆሮ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ዋሻው ደጅ አየች። ዘበኛው ጅቦ ተመልሶ ቆሟል። አፍንጫው ላይ ሦስት የጃርት እሾህ ተሰክቷል፤ እሱ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ሰማይ ሰማይ ያያል።

"ይህን ዘበኛ እዚህ ያቆመው ማን ነው?" አለች።

ንጉሥ አንበሳ አሳለው።

አያ ጅቦ መልሱን አልጠበቀም፤ ያን ቀን የሮጠው ሩጫ እስከ ዛሬ ይወራል። አዋጁስ ተሻረ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልተሻረም! "ጉዳዩ ይጠናል" ተባለ። ሲጠና ክረምት መጣ፣ ሲጠና በጋ መጣ፣ አሁንም እየተጠና ነው።

እናቶቹ ግን ጥናቱን አልጠበቁም። የተበሳ ቅላቸውን ተሸክመው አባ ጃርት ጉድጓድ ደጅ ተሰለፉ። ፊት የተሰለፈችው ሚዳቋ ናት። ቅሏን ወንዙ ከሥሩ አውጥቶ ዳር ላይ አስቀምጦላት ነበር። ጃርት ቀዳዳውን አንድ በአንድ በሰም ደፈነ። እየደፈነ ተነጫነጨ፤ እየተነጫነጨ ደፈነ።

"አሁን ገና ሥራ አገኘሁ" አለ ሰሙ።

"አሁን ገና አፌ ተገጠመ" አለ ቅሉ።

ዓመታት አለፉ። ጤዛ አደገች፣ እሷም ወለደች። አንድ ማለዳ ልጇን ደብቃ ቅሏን ስትደፍን፣ ያ ቁራ አርጅቶ፣ ላባው ረግፎ፣ ግን ያው ቁራ፣ አጠገቧ መጥቶ አረፈ።

"አዲስ አዋጅ ሊወጣ ነው" አላት። "ቅል ሁሉ ሊበሳ ነው። መቼም አንቺ ጨዋ ነሽ፤ ምን የምትደብቂው አለሽ?"

ጤዛ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዞር ብላ ያን የተቆረጠ ጆሮዋን አሳየችው።

"ያን ጊዜ እናቴ የምደብቀው የለኝም ስትል" አለችው፣ "የተደበቅኩት እኔ ነበርኩ።"

ከዚያ ሰሙን በኮቴዋ ረገጠች፤ ቅሏንም ለወንዙ ሰጠች።

የሚወደው ያለው ሁሉ የሚደብቀው አለው። ተረቴን ከድኜ፣ በሰም ደፍኜ ሰጠኋችሁ።

በል ናሆም፣ አሁን ስልክህን አውጣ። የእናትህ ቁጥር እዚያ ውስጥ አለ፤ ትንሿ እህትህ በየቀኑ በስንት ሰዓት ከትምህርት ቤት እንደምትወጣም እዚያ ውስጥ አለ። "እስማማለሁ" ያልከውን ሁሉ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንድ በአንድ አንብብልኝ፤ የማያስፈልገውን እናጠፋለን። ዝናቡ እንደሆነ ገና ነው።